ቪዲዮ ቤቶቻችንን የገደላቸው ኔትፍሊክስ አይደለም

ቪዲዮ ቤቶቻችንን ኔትፍሊክስ ገደላቸው የሚል ሰው ሲገጥመኝ ደሜ ይፈላል። ወሬው የመጣው ከሌላ አገር ነው። አሜሪካ ውስጥ ብሎክበስተር የሚባል የቪዲዮ ኪራይ ኩባንያ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ከ9,000 በላይ ሱቆች ነበሩት፤ በ2010 ከሰረ። ዲቪዲ በፖስታ ቤት እየላከ ሥራ የጀመረው ኔትፍሊክስ ቦታውን ወረሰ። ይህን ታሪክ ያነበበ ሁሉ አዲስ አበባም ላይ ያው ነው የሆነው ብሎ ይደመድማል። አዲሱ መጣ፣ አሮጌው ሄደ፣ ጥፋተኛ የለም፣ ምን ይደረግ ዘመኑ ነው ይላል።

እኔ ያደግሁት ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው። ከቀበና እስከ ጉራራ፣ ከእንግሊዝ ኤምባሲ አጥር ሥር እስከ ሾላና መገናኛ፣ ከዚያም ወዲያ እስከ ኮተቤ ባለው የየካ ሰፈር ቪዲዮ ቤቶች ሲከፈቱም ሲዘጉም አይቻለሁ። አንዳቸውንም ኔትፍሊክስ አላዘጋቸውም። ሊያዘጋቸውም አይችልም ነበር። ኔትፍሊክስ ኢትዮጵያን ጨምሮ ከ130 በላይ አገሮችን በአንድ ቀን የከፈተው በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ነው። በዚያን ጊዜ የእኛ ሰፈር ቪዲዮ ቤቶች ወይ ጸጉር ቤት ወይ ጁስ ቤት ከሆኑ ሰነባብተዋል። ሒሳቡም የሚከፈለው ውጭ አገር በሚሠራ ካርድ፣ በዶላር ነው። ከእንጦጦ ጫካ የባህር ዛፍ ጭራሮ በጀርባዋ ተሸክማ ወደ ፈረንሳይ የምትወርድ እናት፣ ልጇ ይህን ካርድ ከየት ያመጣዋል? ደመወዝተኛውስ ቢሆን? በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። እንዲህ ባለ አገር በዶላር የሚከፈልበት አገልግሎት የሰፈሩን ቪዲዮ ቤት ተካው የሚል ሰው የጉራራን ሕዝብ ከሰው ቁጥር አውጥቶታል።

ገዳዮቹ ሌሎች ናቸው፤ የመጡትም ተራ በተራ ነው። መጀመሪያ ዲሽ መጣ። በ1995 ዓ.ም. የጀመረው ኤምቢሲ 2 የሆሊውድን ፊልም ቀንና ማታ በነፃ ሲለቅ፣ ዲሽና ሪሲቨር የገዛ ቤት ካሴት የሚከራይበት ምክንያት አጣ። ከዚያ ካሴቱ በሲዲ ተተካ። ሲዲ ደግሞ በደቂቃዎች ይባዛል፤ በኪራዩ ዋጋ የራስህ ታደርገዋለህ። ቀጥሎ ፍላሽ መጣና «ፊልምና ሙዚቃ እንጭናለን» የሚል ወረቀት በየመስኮቱ ተለጠፈ። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የቱርክ ድራማ በአማርኛ ድምፅ ይዞ ሲመጣ የአማርኛ ፊልም ተከራይ የነበሩት እናቶችም ፊታቸውን ወደዚያው አዞሩ። ዛሬ ደግሞ ፍላሽ የሚጭኑት ልጆች ራሳቸው ሥራ ፈትተዋል፤ ሁሉም ነገር ቴሌግራም ላይ አለ። የቀረችውን ጥቂት ሱቅ የቤት ኪራይና የመንገድ ሥራ ጨረሳት። ከአራት ኪሎ በቀበና አድርጎ ወደ መገናኛ የሚወስደው መንገድ በኮሪደር ልማት ሲሰፋና ሲያምር፣ ዳሩን ይዘው የነበሩ ትንንሽ ሱቆች ተነሥተዋል።

ዲሽ ያስተከለ ሰው ምንም አላጠፋም። ፍላሹን ይዞ የሄደ ተማሪም አላጠፋም። የእኔ ክስ እነሱን አይነካም። ይህ ሁሉ ለውጥ ሃያ ዓመት ሙሉ በጠራራ ፀሐይ፣ በሁላችንም ፊት ሲካሄድ፣ ለባህል በጀት የተያዘለት አንድም ቢሮ ከቪዲዮ ቤት ደጃፍ ቆሞ «መደርደሪያችሁ ላይ ያለውን ማን ይረከባችሁ?» ብሎ አልጠየቀም። ክሴ ይህ ነው። ቪዲዮ ቤት ይዘጋ፤ ንግድ ነው፣ ይከፈታል ይዘጋል። ያለ ወራሽ መዘጋቱ ግን ወንጀል ነው።

መደርደሪያው ላይ ምን እንደነበር ልንገራችሁ። የእኛ ሰፈሩ ሱቅ የቆርቆሮ ነበር፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያቆምም። ከወለል እስከ ጣሪያ ካሴት ነው። ሽፋኑ የተቀደደውን ባለቤቱ በነጭ ወረቀት ለብጦ ርዕሱን በእስክሪብቶ ይጽፍበታል፤ ከርዕሱ ሥር የተዋናዩን ስም ያክልበታል፤ ሰው ፊልም የሚጠይቀው በተዋናይ ነበርና። «ጋሼ፣ ያላየሁት ቫንዳም አለ?» «ጋሼ፣ የጃኪ ቻን አዲስ ገብቷል?» መታወቂያ ይያዛል፤ ስም ደብተር ላይ ይሰፍራል፤ ሁለት ሦስት ብር ይከፈላል። ሳያጠነጥን የመለሰ ይቀጣል። ማጫወቻው ዴክ የበላው ካሴት አይጣልም ነበር። ጋሼ ካሴቱን በትንሽ ካቻቢቴ ይፈታዋል፤ የተጨማደደውን ቡናማ ክር በምላጭ ይቆርጠዋል፤ ሁለቱን ጫፍ አነካክቶ በቀጭን ፕላስተር ይይዘውና በአውራ ጣቱ ጥፍር ደጋግሞ ያሸዋል፤ ትርፉን ፕላስተር በምላጩ ጫፍ ልክ በልክ ይከረክመዋል፤ ከዚያ መልሶ ይገጥመውና የራሱ ዴክ ላይ ይሠራ እንደሆነ ቆሞ ያያል። ከፊልሙ ጥቂት ሴኮንድ ትጎድላለች፤ ፊልሙ ግን ይኖራል። ይህን የሚያደርግ ሰው በየትኛውም የፊልም ማኅደር ውስጥ ቢሆን ባለሙያ ተብሎ ደመወዝ ይቆረጥለታል። እኛ ጋ ስሙ ቪዲዮ አከራይ ነበር፤ የንግድ ፈቃድ ሊያሳድስ ሲሄድ የሚያመናጭቁት ሰው።

ከመደርደሪያው ሁሉ የኔን ልብ የሚይዘው ደብተሩ ከሚቀመጥበት ጀርባ የነበረው የአማርኛው ረድፍ ነው። የደረጀና የሀብቴ ቀልድ፣ መንፈሳዊ ድራማ፣ በበዓል የወጡ ጭውውቶች፣ ስማቸው ዛሬ ከማንም አፍ የማይሰማ ተዋንያን የሠሯቸው ሙሉ ፊልሞች እዚያ ነበሩ። የዚያ ረድፍ ታሪክ የአገራችን የፊልም ታሪክ ግማሹ ነው። በ1957 ዓ.ም. «ሂሩት አባቷ ማን ነው» ሲታይ ፊልም መሥራት የሚቻለው በሴሉሎይድ ነበር፤ እጅግ ውድ ነው፤ ታጥቦ የሚመጣውም ከውጭ ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት ዐሥርት ዓመታት «ጉማ» መጣ፣ «አስቴር» መጣች፤ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የመንግሥት የፊልም ኮርፖሬሽን ሲዘጋ ብዙ ሰው የአማርኛ ፊልም አበቃለት ብሎ ነበር። ያላበቃው የቪዲዮ ካሜራ ስለነበረ ነው። ሰርግ ይቀርጹ የነበሩ ልጆች በዚያው ካሜራ ድራማ መቅረጽ ጀመሩ። «ቀዝቃዛ ወላፈን» እና «የወንዶች ጉዳይ» ሰውን ሲኒማ ቤት በር ላይ ሲያሰልፉ፣ መሬቱን ያለሰለሱላቸው እነዚያ በየቪዲዮ ቤቱ እየተከራዩ ያደጉ ሥራዎች ናቸው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት በዓመት መቶ ገደማ የአማርኛ ፊልም እስከ መሠራት ተደርሷል። ከእነዚህ ውስጥ ዛሬ በእጅ የሚገኘው ስንቱ ነው? ዩቲዩብ ላይ ያልተጫነው የት ነው? የካ ክፍለ ከተማን ጠይቁ፤ የባህል ሚኒስቴርን ጠይቁ። መልስ የሚሰጣችሁ ካገኛችሁ እኔንም ጥሩኝ።

ሌላም ነገር አለ። ከእነዚህ ሱቆች ብዙዎቹ ፎቶና ቪዲዮ ቤት ነበሩ፤ የሰፈሩን ሰርግ፣ ክርስትና፣ ምርቃት የቀረጹ ናቸው። ባለ ሰርጉ አንድ ኮፒ ይወስዳል፤ ዋናው ካሴት ሱቁ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀራል። የፈረንሳይ፣ የቤላ፣ የሾላ ሰዎች አረማመድ፣ አዘፋፈን፣ አለባበስ፣ ዛሬ ያፈረስናቸው ግቢዎች፣ ያለፉ እናቶች ሲያለቅሱና ሲመርቁ፣ ሁሉም እዚያ ቁም ሣጥን ውስጥ ነበር። የከተማችን ታሪክ የሚጻፈው ከንጉሥ ፎቶግራፍ ብቻ ነው ያለው ማነው?

አሁን የሚነሣብኝን ክርክር ስለማውቀው ልቅደመው። ቪዲዮ ቤት የሌባ ገበያ ነበር፤ የውጭውን ፊልም ያለ ፈቃድ እያባዛ አከራየ፤ የአገሩንም ባለሙያ ላብ በላ ይባላል። እውነት ነው፣ ተባዝቷል። የአማርኛ ፊልም ሠሪ ያለ የሌለ ንብረቱን አሲይዞ የሠራው ሥራ ሲኒማ ቤት ሳይጨርስ መንገድ ላይ ሲሸጥ ያነባው እንባ ውሸት አልነበረም። ነገር ግን ሕጉን አንብቡት። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ማከራየትን ከባለቤቱ መብቶች እንደ አንዱ ቆጥሮታል። ይህ ማለት በር ተከፍቷል ማለት ነው። ለቪዲዮ ቤቱ ፈቃድ መስጠት፣ ከእያንዳንዱ ኪራይ ጥቂት ሳንቲም ለፊልሙ ባለቤት እንዲደርስ ማድረግ ይቻል ነበር። ደብተሩ እኮ አለ! የትኛው ፊልም በየትኛው ቀን ለማን እንደተከራየ በእጅ ተጽፎ ተቀምጧል። ዛሬ የትኛውም ቴሌግራም ቻናል እንዲህ ያለ ሒሳብ አያቀርብላችሁም። ማሻሻያው አዋጅ 872/2007 የሮያሊቲን ነገር አጠንክሮ ሲወጣ ሮያሊቲ የሚከፍሉት ሱቆች አልቀው ነበር። ሱቁን ፖሊስ ይዞ መበርበር ቀላል ስለሆነ እሱ ተደረገ፤ ሱቁን ሕጋዊ ነጋዴ ማድረግ ሥራ ስለሚጠይቅ ሳይደረግ ቀረ። ዛሬ ያ ፊልም ሠሪ ከቴሌግራም ስንት ሳንቲም ያገኛል? ምንም። ቪዲዮ ቤቱን ሌባ ብሎ የከሰሰው ሁሉ ከዚያ ወዲህ አፉን ዘግቷል።

ሁለተኛው ክርክር የወላጆቻችን ነው። ቪዲዮ ቤት ልጅ አበላሸ፣ ከትምህርት ቤት አስቀረ፣ ጫት አስቃመ። አከራይ ሱቅና ማሳያ ቤት አንድ አይደሉም፤ መስኮቱ በጨርቅ ተሸፍኖ ሳንቲም እየተከፈለ አግዳሚ ላይ ተፋፍገው የሚያዩባቸው ጨለማ ቤቶች ነበሩ፤ በአንዳንዶቹ ሕፃናት ሊያዩት የማይገባ ነገር ይታይ ነበር። ይህን የሚክድ የለም። ግን ልጁ ወደዚያ ጨለማ የገባው ሌላ የሚገባበት ብርሃን ያለው ክፍል ስላልነበረ ነው። ክፍሉን አዘጋን እንጂ ሌላ አልከፈትንለትም። አሁን ያው ልጅ ያንኑ ነገር ስልኩ ላይ ብቻውን ያየዋል፤ አግዳሚው ላይ አጠገቡ ተቀምጦ «ተው አንተ» የሚለው ታላቅ እንኳ የለውም።

ለመሆኑ በቦታው የተሰጠን ምንድን ነው? የካ ውስጥ የኖረ ሰው ውኃ በፈረቃ ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ኢንተርኔታችንም መዝጊያው በሌላ ሰው እጅ ያለ ቧንቧ ነው። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ተዘጋ፤ ሦስት ሳምንት ገደማ አገሩ በሙሉ ጨለመ። በየካቲት 2015 ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ታገዱ፤ እስከ ሐምሌ ድረስ አምስት ወር ቆየ። ትግራይ ሁለት ዓመት ገደማ ያለ ኢንተርኔት ኖረች። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ዳታ ለወራት ጠፋ። በ2012ቱ መዘጋት ጊዜ ሰፈራችን ውስጥ ወረፋ የነበረው ፍላሽ የሚጭኑት ልጆች ጋ ነበር፤ ፊልሙ በእጃቸው ነበርና። መደርደሪያ ላይ ያለን ካሴት ከቢሮው ወንበር ላይ ሆኖ በአንድ ትእዛዝ የሚያጠፋ ባለሥልጣን አልነበረም። ኢንተርኔቱ በተከፈተበትም ቀን ቢሆን የዳታ ጥቅል መግዣ ያለው ያያል፤ የሌለው አያይም። የፊልም ታሪካችንን ሁሉ እዚህ ላይ አስረክበን ዘመንን የምንል ሰዎች ነን።

ደግሞ ፊልምን ጠብቆ ማቆየት አይቻልም እንዳትሉኝ። የእኛው ሰው አድርጎታል። የጎንደሩ ልጅ ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1993 «ሳንኮፋ» የተባለውን ፊልም ሲሠራ አንድም የአሜሪካ አከፋፋይ አልወሰደለትም። ሲኒማ ቤት እየተከራየ፣ ከከተማ ከተማ እየዞረ ራሱ አሳየው። ከዚያ ከባለቤቱ ከሽሪኪያና አይና ጋር ሆኖ ዋሽንግተን ጆርጂያ ጎዳና ላይ፣ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት ሱቅ ከፈተ፤ ስሙንም ሳንኮፋ ቪዲዮ፣ መጻሕፍትና ካፌ አለው። አዎ፣ ቪዲዮ ቤት! «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ንና «ጤዛ»ን የሠራ ሰው ቪዲዮ ቤት መክፈትን አልናቀውም። እ.ኤ.አ. በ2019 የንብረት ግብሩ ሱቁን ሊያዘጋው ሲደርስ የአካባቢው ሰው ተነሥቶ ጮኸ፤ የከተማው ምክር ቤትም ለ10 ዓመት ከንብረት ግብር እፎይታ ሰጠው። በ2021 ደግሞ «ሳንኮፋ» ታድሶ ኔትፍሊክስ ላይ ወጣ፤ ከተሠራ ከ28 ዓመት በኋላ። ኔትፍሊክስ ሊያወጣው የቻለው ፊልሙ በአንድ ሰው ግትርነት ተጠብቆ ስለነበረ ነው። ባይጠበቅ ኖሮ የሚታደስ ነገር ከየት ይመጣ ነበር? የዋሽንግተን ከተማ ለአንድ ኢትዮጵያዊ ቪዲዮ ቤት ያደረገውን አዲስ አበባ ለስንቱ አደረገች?

እኛ ጋ የሆነውን በዓይኔ አይቻለሁ። ሱቁ ሲዘጋ ካሴቱ በማዳበሪያ ተጠቅጥቆ ለቆራሌው ይሸጣል፤ በኪሎ ነው የሚመዘነው። ያልተሸጠው ጣራ ሥር ይወረወራል፤ ጣራችን ደግሞ በክረምት ያፈሳል፤ የእንጦጦ ሥር ዝናብ ምን እንደሆነ የምናውቀው እናውቀዋለን። ከጉራራ በላይ አንድ የጓሮ ማሳ ላይ ቡናማው ክር ከካሴቱ ተመዝዞ፣ ወፍ ማባረሪያ ሆኖ ከእንጨት እንጨት ተወጥሮ አይቻለሁ። በነፋስ ሲርገበገብ ያብረቀርቃል። የማን ሳቅ፣ የማን ሰርግ፣ የማን ፊልም እንደሆነ ከእንግዲህ የሚያውቅ የለም። እዚያ ቆሜ ያደረብኝን ንዴት እስከ ዛሬ አልተውኩትም።

ጊዜም የለንም። የካሴት ክር በደህና ቦታ እንኳ ተቀምጦ ከሃያ ሠላሳ ዓመት በኋላ መጎዳት ይጀምራል፤ ሻጋታ ይይዘዋል፤ ምስሉ ይደበዝዛል። በእጅ የተባዛ ሲዲማ ከዚያም ይፈጥናል። ማጫወቻውም እየጠፋ ነው፤ በዓለም ላይ ዴክ ይሠራ የነበረው የመጨረሻው ኩባንያ፣ የጃፓኑ ፉናይ፣ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ማምረቱን አቁሟል። ዛሬ የሚሠራ ዴክ ያለው ሰው ዴኩን፣ ዴክ የሚጠግን ሰው እጁን ይዞ ሲያልፍ፣ ካሴቱ ቢተርፍ እንኳ የሚያነበው ይጠፋል።

የሚያስፈልገው ገንዘብ የሚያስደነግጥ አይደለም። አገሩ ገንዘብ የለውም የሚለኝ ሰው ከፈረንሳይ ሽቅብ ይውጣ፤ በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው እንጦጦ ፓርክ ፈረስ መጋለቢያ አለው፣ ምግብ ቤት አለው፣ ገመድ ላይ መንሸራተቻ አለው። ይኑረው፤ ደስ ይለኛል። ከእነዚያ ሁሉ ቤቶች ውስጥ ግን የአማርኛ ፊልም የሚቀመጥባትና የሰፈሩ ልጅ በነፃ ገብቶ የሚያይባት አንዲት ክፍል ትጠፋለች? በየወረዳው የወጣት ማዕከል ተብለው የተሠሩት አዳራሾችስ ከስብሰባና ከፑል ማጫወቻ ሌላ ሥራ አይሰጡም?

ለቀድሞ ቪዲዮ ቤት ባለቤቶች፦ ጋሼዎቼ፣ እትዬዎቼ፣ ጣራ ሥር ያስቀመጣችሁትን ማዳበሪያ አውርዱት። ለቆራሌ አትስጡ። ደብተራችሁንም አትጣሉ፤ ደብተሩ ራሱ ታሪክ ነው። ፊልም ሠሪዎች፣ በማን እጅ ምን ኮፒ እንዳለ አሁኑኑ እርስ በርሳችሁ ተጠያየቁ፤ ሐርድ ዲስክ ላይ አለ ብላችሁ አትተኙ፤ ሐርድ ዲስክም ይሞታል።

ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር የሁላችንም ነው፤ መጽሐፍና ጋዜጣ ሲሰበስብ ኖሯል። የቪዲዮ ቤቶቹንም ካሴት ይሰብስብ። ሁለት ባለሙያ፣ ሁለት የሚሠራ ዴክ፣ አንድ ኮምፒውተርና አንድ መኪና ይበቃል ለመጀመሪያው። መኪናው ከአራት ኪሎ ተነሥቶ በቀበና ይምጣ፤ ፈረንሳይ፣ ጉራራ፣ ቤላ፣ ሾላ፣ ኮተቤ እያለ ይዙር። ክረምት ሳይገባ ይምጣ። ካሴት ያለባቸውን ቤቶች በር እኔ ራሴ እያንኳኳሁ አሳያለሁ።